የተሳሳተ የግብር ስሌት እስከ መቼ ይታረማል?

በዚህ ወር፣ በኅዳር 2017፣ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድ ዓይነት ጭንቀት ይዘዋል። ግብሩ ሲሰላ ስህተት ገብቷል፤ አንዱ ጋ በነጋዴው በኩል፣ ሌላው ጋ በግብር ሰብሳቢው በኩል። አሁን ይታረማል ወይስ ጊዜው አልፏል? በግብር መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ፋይል በመረመርኩበት ዘመንም ሆነ ዛሬ ድሬዳዋ ከዚራ በግል የሂሳብ ሥራ ላይ ሆኜ የማየው ያው ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ቀኑን ከየት ጀምሮ እንደሚቆጥር ባለማወቅ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ለእነዚህ ብቻ እመልሳለሁ።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሽቲ፣ ሻሽና የአልጋ ልብስ እሸጣለሁ። ደረጃ ‹ለ› ግብር ከፋይ ነኝ። ሱቄ ጠባብ ስለሆነ ከጀርባው ባለ ግቢ ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫ አንድ ክፍል በወር 4,000 ብር ተከራይቼ ነበር። ውልም ደረሰኝም አለኝ። ሂሳቤን ይሠራልኝ የነበረው ልጅ ግን የሱቁን ኪራይ ብቻ በወጪ ይዞ የመጋዘኑን ትቶታል። የታወቀው አሁን ሌላ የሂሳብ ሠራተኛ ይዤ የድሮውን ፋይል ስታገላብጥ ነው። የ2013ም የ2014ም የበጀት ዓመት እንደዚያው ነው። ሁለቱንም በየዓመታቸው ነሐሴ 20 ቀን አስታውቄ በዕለቱ ከፍያለሁ። ባለቤቴ ‹ተይው፣ ፋይሉን ካስከፈትሽው ሌላ ነገር ይመዝዙብሻል› ይለኛል። አቦ፣ ገንዘቡ የልጆቼ ነው! ምን ላድርግ?»
የቀፊራዋ ነጋዴ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ገንዘቡን እንወቀው። በላኩልኝ ቅጂ ላይ የ2014 ትርፍዎ 180,000 ብር ተብሎ 45,000 ብር ግብር ከፍለዋል። የመጋዘኑ ኪራይ በዓመት 48,000 ብር ነው። እሱ ሲቀነስ ትርፉ 132,000፣ ግብሩ 28,200 ብር ይሆናል። ስለዚህ 16,800 ብር በትርፍ፣ ማለትም ከሚገባው በላይ፣ ከፍለዋል። የ2013 ትርፍዎ 165,000፣ የከፈሉት 39,750 ብር ነበር። ኪራዩ ሲቀነስ ትርፉ 117,000 ብር ስለሚሆን ከ35 በመቶው እርከን ወደ 30 በመቶው ይወርዳል፣ ግብሩም 23,640 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ልዩነቱ 16,110 ብር ነው። ሁለቱ ዓመት ተደምሮ 32,910 ብር፣ ለአንዲት የሽቲ ነጋዴ የአንድ ጊዜ ጭነት ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። ድሬዳዋ ላይ የምንሠራበት የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። ግብርዎን ራስዎ አስልተው ያስታወቁ ስለሆነ በአንቀጽ 29 መሠረት «ስሌቴ ይስተካከልልኝ» ብለው የማመልከት መብት አለዎት። ጊዜው አምስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ካስታወቁበት ቀን ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው ከበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ከሰኔ 30 ይቆጥራል። ትክክል አይደለም። የእርስዎ የ2013 ማስታወቂያ የገባው ነሐሴ 20 ቀን 2013 ስለሆነ እስከ ነሐሴ 20 ቀን 2018፣ የ2014ቱ ደግሞ እስከ ነሐሴ 20 ቀን 2019 ሊስተካከል ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻዎን ከተቀበለ በ120 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት።

እዚህ ድረስ ሲያነቡ ደስ ብሎዎት ይሆናል። ቀጥሎ ያለውን ግን በጥንቃቄ ያንብቡት፤ ደብዳቤዎን ከሁሉ አስቀድሜ የመረጥኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ስሌቱ የሚስተካከልበት ጊዜና ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ እኩል አይደሉም። በአንቀጽ 50 መሠረት በትርፍ የተከፈለ ግብር ይመለስልኝ ብሎ ማመልከት የሚቻለው ግብሩ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። የ2014ቱን የከፈሉት ነሐሴ 20 ቀን 2014 ነው፤ እስከ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ጊዜ አለዎት። ዛሬ ኅዳር 2017 ላይ ነን፣ ዘጠኝ ወር ገደማ ቀርቶዎታል። የ2013ቱ ሦስት ዓመት ግን ባለፈው ነሐሴ 20 ሞልቷል። ይህን ስጽፍ ከልቤ አዝኛለሁ፤ ለሦስት ወር ነው ያመለጠዎት። አምስት ዓመት አለኝ ብሎ ተረጋግቶ አራተኛው ዓመት ላይ የመጣ ሰው ስሌቱ ትክክል እንዳልነበረ በወረቀት ተረጋግጦለት ገንዘቡን ሳያገኝ ሊሄድ ይችላል። ሕግ አውጪው ሁለቱን ጊዜ እኩል ቢያደርጋቸው ለነጋዴው ፍትሐዊ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን የምንቆጥረው አጭሩን ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለ2014 ሁለት ማመልከቻ በአንድ ቀን ያስገቡ፤ አንዱ የስሌት ማስተካከያ፣ አንዱ የተመላሽ። የማስተካከያው ውሳኔ እስኪወጣ ብለው ተመላሹን አያቆዩት፤ 120 ቀኑ እየተንከባለለ ሦስት ዓመቱን ሊያስበላዎት ይችላል። ለ2013ም የማስተካከያውን ማመልከቻ ያስገቡ፤ የማመልከት መብትዎ ገና አላለፈም፣ ፋይልዎም እውነተኛውን ሂሳብ ቢይዝ ይሻላል። ገንዘቡ ይመለሳል ብለው ግን ዕቃ በዱቤ አያምጡበት። አንድ ነገር ደግሞ ይወቁ፤ ሌላ ያልተከፈለ ግብር ካለብዎ ተመላሹ እጅዎ ከመግባቱ በፊት ለእሱ ይቀነሳል።

የባለቤትዎ ስጋት ቀላል አይደለም፤ ሲያስቡልዎት ነው። ሕጉ የሚለው ግን እንዲህ ነው። እርስዎ አመለከቱም አላመለከቱም፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ባስታወቁ በአምስት ዓመት ውስጥ ስሌትዎን ሊከልስ ይችላል። ማጭበርበር፣ ወይም ከባድ ወይም ሆን ተብሎ የተደረገ ቸልተኝነት ካለማ ጊዜ ሳይገድበው በማንኛውም ዓመት ይመለስበታል። ስለዚህ ዓመቱን የሚከፍተው የእርስዎ ማመልከቻ አይደለም፤ ድሮም ክፍት ነው። እውነት ነው፣ ማመልከቻ ሲገባ ፋይሉን የሚያገላብጥ ሰው ይመደባል። እንግዲያው ከእሱ በፊት እርስዎ ያገላብጡት። ከአዲሷ የሂሳብ ሠራተኛዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ የሁለቱን ዓመት ሽያጭ ከደረሰኝ ጥራዙ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሳይመዘገብ የቀረ ሽያጭ ካለ እሱንም በዚያው ማመልከቻ ይግለጹ። የጎደለውን ወጪ ብቻ አንስቶ የጎደለውን ሽያጭ መደበቅ አይገባም፤ እኔም እንዲህ ላለው ማመልከቻ ምክር አልሰጥም።

አንድ የአገራችን ጉዳይ ልጨምር። እዚህ ድሬዳዋ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል የሚከራየው አብዛኛውን ጊዜ በመተማመን ነው፤ ደረሰኝ የምንለውም በእጅ የተጻፈና አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ነው። መርማሪው ሲያየው መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሉን ነው፤ ቀጥሎ የአከራይዎን ፋይል ከፍቶ የኪራይ ገቢውን ማስታወቅ አለማስታወቁን ሊመለከት ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት አከራይዎ ቤት ይሂዱና ነገሩን ይንገሩት። ጎረቤት ናችሁ፤ በደብዳቤ ከሚደርሰው ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ይሻላል። ምናልባት እሱም ያልከፈለው ካለ ሳይጠየቅ ቀርቦ ለማስተካከል ዕድል ያገኛል።

ማመልከቻው ላይ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ በቁጥር ይጻፉ። «ስህተት ስላለ ይታይልኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ውሉንና የአሥራ ሁለቱን ወር ደረሰኝ ቅጂ ያያይዙ። በጠዋት ይሂዱ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ወረፋውም ያጥራል። መዝገብ ቤት አስገብተው በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስመቱ። ያንን ቅጂ ከንግድ ፈቃድዎ ጋር ያስቀምጡት። ማመልከቻዎ ውድቅ ቢደረግ ውድቅ ማድረጉ ራሱ ቅሬታ የሚቀርብበት ውሳኔ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ከታች ለሁለተኛው ጠያቂ የጻፍኩት ነው።

ጥያቄ

«ለገሃሬ የመኪና መለዋወጫ መደብር አለኝ። ደረጃ ‹ሀ› ነኝ። የ2015 ሂሳቤ ኦዲት ተደርጎ የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ጥቅምት 21 ቀን 2017 በእጄ ተሰጠኝ። ሁለት ነገር ተጨምሮብኛል። አንዱ ደረሰኝ ያልተገኘለት የነዳጅ ወጪ ነው፤ 18,000 ብር ግብር አምጥቶብኛል፣ አምኜበታለሁ። ሁለተኛው ግን አንድ የ212,000 ብር ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ነው፤ አንዴ በሽያጭ ማሽኑ ደረሰኝ፣ አንዴ ያው ገንዘብ ባንክ ሲገባ። ኦዲተሩ ጋ ሄጄ ሳሳየው ‹ልክ ነህ፣ ግልጽ ስህተት ነው፣ አምስት ዓመት ጊዜ አለን፣ እናስተካክለዋለን› አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ቅሬታ ካላስገባህ ያልፍብሃል ይሉኛል። ማንን ልስማ?»
የለገሃሬው ነጋዴ

መልስ

ወንድሜ፣ ጓደኞችህን ስማ።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰኝ መጽሔቱ እስኪታተም መጠበቅ ስለማይቻል መልሱን በስልክ ነግሬሃለሁ። እዚህ ያወጣሁት ተመሳሳይ ወረቀት በእጃቸው ላለ ሌሎች አንባቢዎች ነው።

ኦዲተሩ አልዋሸህም። መዝገቡን በማየት ብቻ የሚታወቅ፣ በሕጉም ሆነ በፍሬ ነገሩ ላይ ክርክር የሌለበት ስህተት በውሳኔ ማስታወቂያው ላይ ካለ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊያርመው እንደሚችል አዋጁ ይላል። ነገር ግን ይህ ለመሥሪያ ቤቱ የተሰጠ ሥልጣን ነው። የአንተ መብት የሆነውና መልስ የመስጠት ግዴታ የሚጥልበት ቅሬታው ነው፤ የቅሬታው ጊዜ ደግሞ ውሳኔው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። ኦዲተሩ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ቢዛወር፣ ወይም የበላዩ «ይህ ግልጽ ስህተት አይደለም፣ የማስረጃ ክርክር ነው» ቢል፣ በእጅህ ምንም የለም። 21 ቀኑ ካለፈ በኋላ ውሳኔው የጸና ዕዳ ይሆናል፣ ወለድ ይቆጥራል፣ የባንክ ሒሳብህም ሊታገድ ይችላል። በጣም ጨዋና ቅን ኦዲተሮች አውቃለሁ። የእነሱ ቅንነት ግን የአንተን ቀን አያራዝምም።

ጥቅምት 21 የደረሰህ ስለሆነ 21ኛው ቀን ኅዳር 12 ላይ ይውላል። የሚካኤል ዕለት ነው፤ ሰው ታቦት ሊሸኝ ይወጣል፣ መሥሪያ ቤት ግን ክፍት ነው። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የሕዝብ በዓል ላይ ቢውል ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገር ነበር፤ ያንተው ሐሙስ ነው፣ አይሸጋገርም። ከአገር ውጭ ለነበረ፣ ለታመመ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ላለው ሰው እስከ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል፤ ጥያቄውን ግን 21 ቀኑ ሳያልቅ በጽሑፍ ማቅረብ አለበት።

ቅሬታው ተቀባይነት እንዲኖረው ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የምትቃወመውን ነጥብ፣ እንዲደረግልህ የምትፈልገውን ማስተካከያና ምክንያቱን ለይተህ ጻፍ። ባንተ ጉዳይ አንድ ገጽ ይበቃል፤ የማሽኑ ደረሰኝ ቁጥር ይህ ነው፣ ቀኑ ይህ ነው፣ ያው 212,000 ብር በባንክ መግለጫው በዚህ ቀን ገብቷል፣ ከፋዩ አንድ ነው፣ ስለዚህ አንዱ ይሰረዝ። በ35 በመቶ ሲሰላ የሚያከራክረው ግብር 74,200 ብር ነው፤ ቁጥሩንም ጻፈው። ሁለተኛ፣ የማትከራከርበትን ክፍል ክፈል። ያመንክበትን 18,000 ብር ሳትከፍል ቅሬታ ብታስገባ ቅሬታው እንደቀረበ አይቆጠርም። ብዙ ነጋዴ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሙሉው ጉዳይ በክርክር ላይ ነው ብሎ አንድም ሳንቲም ሳይከፍል ይቀርና በፎርም ጉድለት ይመለሳል። ከተመለሰም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ያ ጽሑፍ ከደረሰህ በ10 ቀን ውስጥ አስተካክለህ ማስገባት ትችላለህ።

ኦዲተሩንም አትተወው። ስህተቱን ማመኑን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥልህ ጠይቀው፤ ባያደርገውም ቅሬታህ ላይ «በዚህ ቀን ለኦዲት ክፍሉ አሳይቻለሁ» ብለህ መጻፍ ትችላለህ። ቅሬታው ሲቀርብም መሥሪያ ቤቱ በእርማት መንገድ ቢያስተካክለው ያው ነው፤ ጉዳይህ ያልቃል።

ቅሬታ አጣሪው በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ቀኑ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን መሄድ ትችላለህ። ወስኖብህም ከሆነ 30 ቀን አለህ። ኮሚሽኑ ጋ ስትደርስ ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን፣ ባንተ ጉዳይ 37,100 ብር፣ ማስያዝ አለብህ። ከዚያም አልፎ ፍርድ ቤት ከሄደ ማስያዣው ወደ 75 በመቶ ያድጋል። መደብር ውስጥ የሚሽከረከር ገንዘብ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ቅሬታውን ከመጀመሪያው በደንብ መጻፍ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው፣ ቅሬታ አጣሪው ጋ የሚያከራክረውን ግብር አስይዝ አትባልም።

ሃያ አንድ ቀን አጭር ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የሂሳብ ሠራተኛ ፈልጎ፣ የባንክ መግለጫ አስወጥቶ፣ ጽፎ ማስገባት ለብቻው ሱቅ ለሚጠብቅ ሰው ፈታኝ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ከሁሉ በፊት ወረቀቱ ላይ የተቀበላችሁበትን ቀን በእጃችሁ ጻፉ። ልጃችሁ ወይም ሱቅ ጠባቂው ቢቀበለው እንኳ የተቀበለበትን ቀን ጠይቁት። ፖስታውን ሳትከፍቱ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ጥያቄ

«ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ድሬዳዋ ያለችው እህቴ ‹አምስት ዓመት አለሽ› ትለኛለች። ለእኔም ይሠራል? ደረሰኞቼንስ መቼ ልጣላቸው?»

መልስ

እህትሽ ያለችው ለስሌት ማስተካከያ ከሆነ ለእሷ ትክክል ነው። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራሉ አዋጅ ይሠራባታል። አንቺ ግን በሐረሪ ክልል ያለሽ ግለሰብ ነጋዴ ነሽ፤ የግለሰብ ነጋዴ ግብር በሕገ መንግሥቱ የክልል ነው፣ የሚገዛሽም የክልሉ አዋጅ ነው። የክልሉን አዋጅ ቅጂ ከምትገብሪበት ጽሕፈት ቤት ጠይቀሽ ሦስቱን ቀን ፈልጊበት፤ የማስተካከያ፣ የተመላሽና የቅሬታ። አንቀጹን በዓይንሽ እይው፤ በድሬዳዋ ቁጥር ሐረር ላይ አትከራከሪ።

ደረሰኝ መጣልን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ አዋጅ የዓመቱ ግብር ከተስታወቀበት ቀን ጀምሮ ከአምስት ዓመት ባላነሰ ጊዜ እንዲቆይ ያዛል፤ የንግድ ሕጉ ጊዜ ከረዘመ ደግሞ እሱን ይዞ መቆየት ግዴታ ነው። ያላስታወቅሽው ዓመት ካለ የዚያን ዓመት ምንም ወረቀት አትጣይ፤ ላልተስታወቀ ግብር በፌዴራሉ ሕግ መሥሪያ ቤቱ በማንኛውም ጊዜ በግምት ሊወስን ይችላል፣ ግምቱን የምታፈርሽውም በእነዚያ ወረቀቶች ብቻ ነው። እኛ ድሬዎች በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ያደረሰብንን አንረሳም፤ ከሰው ሕይወት ጋር የሚወዳደር ነገር ባይኖርም፣ የተረፈ ነጋዴ ከወራት በኋላ ወረቀትህ የት አለ ተብሎ ሲጠየቅ የነበረውን መከራ አስታውሳለሁ። ደረሰኞቹን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለእህትሽ ላኪላት፤ የእሷንም አንቺ ጋ አስቀምጪ። በሙቀት የሚደበዝዘውን የማሽን ደረሰኝ ደግሞ በገዛሽበት ሳምንት ፎቶ ኮፒ አድርጊው፤ ዓመት ሳይሞላው ባዶ ወረቀት ይሆናል።

ለሚቀጥለው እትም የምትጽፉልኝ ሁሉ የማስታወቂያችሁን ቅጂ ስትልኩ ዋናውን አትላኩ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁንም ሸፍኑት። ያስታወቃችሁበትን፣ የከፈላችሁበትንና ውሳኔው የደረሳችሁበትን ቀን ግን ሦስቱንም ጻፉልኝ። ቀናችሁ ሊያልፍ ከአሥር ቀን በታች ከቀረው ደብዳቤው አናት ላይ «አስቸኳይ» ብላችሁ የስልክ ቁጥር አስቀምጡ፤ እደውላለሁ።